ይቅር ለእግዚአብሔር እና አምስተኛው ፋውል

ፈንታን ካወቃችሁት የምታውቁት በድምፁ ነው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተራ አስከባሪ ሆኖ «ሉማሜ! ሉማሜ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። ያ አንድ ሰው ሁልጊዜ አራት ሰው ነው። ፈንታ የሚዋሸው በዚህ ብቻ ነው። በሌላው ነገር ከሱ የበለጠ ቀጥ ያለ ሰው ጎጃም አላበቀለችም፤ ቀጥ ከማለቱ የተነሣ አብሮት መዋል ያደክማል። እኔ መምህር ደርቤ በሥራዬ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የታዳጊዎች ቅርጫት ኳስ ውጤት መዝጋቢ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስለዋልኩ ድካሙን እኔ ልንገራችሁ።

ፈንታ ከተራ አስከባሪነቱ ሌላ አንድ በሽታ አለበት፤ ወጣት ዳኞች ያሠለጥናል። ከመናኸሪያው ጀርባ በቆርቆሮ የታጠረች የሲሚንቶ ሜዳ አለች፤ አንደኛው ቅርጫቷ ወደ ግራ ያዘነበለ። እዚያች ሜዳ ላይ ነው የሚያሠለጥነው። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አመስግኖት አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው በቁስል ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ፈንታ ራሱ ፈቃድ ያለው ዳኛ ነበር። በአንድ የዋንጫ ጨዋታ ላይ አንድ ልጅ አምስተኛ ፋውሉን ሠራና አስወጣው። በቅርጫት ኳስ አምስት ጊዜ ያጠፋ ተጫዋች ወጥቶ ይቀመጣል፤ ሕጉ ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። እኛ አገር ግን ሕግ ባለበት ሁሉ ሽማግሌ አለ። የልጁ ዘመዶች ልጁን ድንጋይ አሸክመው፣ አንገቱን አስደፍተው ሜዳ መሐል አመጡት። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣብህን ሰው፣ ደም ያፈሰሰ እንኳ ቢሆን፣ ድንጋዩን አንሥተህ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ካላልከው ሰው አይደለህም፤ ለለቅሶህም የሚመጣ አታገኝም። ፈንታ አነሣው። ልጁ ተመልሶ ገባ፣ የማሸነፊያዋንም ኳስ እሱ አገባት። ጨዋታውን ሊያይ የመጣው ገምጋሚ ከፈንታ ስም አጠገብ «ጥሩ አስታራቂ ነው፤ ዳኛ ግን አይደለም» ብሎ ጻፈና ፈቃዱን ነጠቀው። ፈንታ ይህችን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ በቃሉ ይወጣታል።

ስለዚህ ለወጣቶቹ መጀመሪያ የሚያስተምረው ፊሽካ መንፋት ሳይሆን «አይሆንም» ማለትን ነው። ቀላል ይመስላችኋል? የኛ ሰው «አይሆንም» አይልም። «እስቲ ይታያል» ይላል፣ «እግዜር ያውቃል» ይላል፣ ከዚያ ጠፍቶ ይቀራል። ፈንታ ልጆቹን በማለዳ መናኸሪያ እየሰበሰበ ያለማምዳቸዋል። «መጀመሪያ ለአህያ፣ ቀጥሎ ለእኩያ፣ በመጨረሻ ለሽማግሌ» ይላል። ቀልዱን አይደለም። ውኃ የምታመላልስ፣ በሩ ላይ ተገትራ የአውቶቡስ መንገድ የምትዘጋ እውነተኛ አህያ ነበረች። ልጆቹ ተራ በተራ ፊቷ ቆመው «አይሆንም!» ይሏታል። የሺዋስ የሚባለው ልጅ «ይቅርታ፣ ባይሆንስ?» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አህያዋ ንቅንቅ አላለችም።

ለሽማግሌው ክፍል ሽማግሌ ያስፈልግ ነበርና ፈንታ የዕድሜውን ስሕተት የሠራው እዚህ ላይ ነው። ከሰፈር ሰባት ሽማግሌዎች ለመለማመጃ ጠራ። አውራቸው ዲማ ወርደው ቅኔ የተቀኙት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ነበሩ። ሥራቸው ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ፣ አንድ ልጅ ድንጋይ አሸክመው ወጣቶቹን መለመን ነው፤ ወጣቶቹም እምቢ ማለትን እንዲለምዱ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ነገሩን ወደዱት። ቀጥሎ የደንቡን መጽሐፍ ተዋሱ። በሦስተኛው ዓመት መሪጌታ የቅርጫት ኳስን ደንብ እንደ ዳዊት ይደግሙት ጀመር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ተማሪ አላመለጣቸውም። ፈንታ የዳኛ ትምህርት ቤት የከፈተ መሰለው እንጂ የከፈተስ ደንብ ጠንቅቆ የሚያውቅ የአማላጅ ጉባኤ ነው። ይህንኑ ነገርኩት።

«አንተ ዝም ብለህ ነጥብህን ቁጠር» አለኝ።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ተስፋ የተጣለበት አምደሚካኤል ነበር። አንድ ቅዳሜ በድፍረት ፋውል ነፋ፤ በዚያችው ፋውል በተገኘች ነጻ ውርወራ ጨዋታው 31 ለ 30 አለቀ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ቤቱ ሄዱ። «ካልሰማኸን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እናቱ በሰቀቀን ልትሞት ሆነ፤ ሰባት ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ እንዴት ይዋል! አምደሚካኤል ሰኞ ጠዋት ፋውሏን ሠረዛት። ውጤቱ 30 ለ 30 ሆነ። ቅርጫት ኳስ ደግሞ እኩል መውጣት አያውቅም። ማክሰኞ ሁለቱንም ቡድን ከክፍል አስጠርተን የአምስት ደቂቃ ጭማሪ አጫወትናቸው፤ አንደኛው ቡድን ሦስት ልጅ አዝመራ ላይ ስለነበረበት በሁለት ሰው ተጫወተ። እኔም መዝገቤ ላይ «በዕርቅ የታረመ» ብዬ ጻፍኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ከዚያ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የብርጓል መጣች።

የብርጓል አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የሉማሜ ገበሬ ልጅ፣ ማርቆስ ቤት ተከራይታ የምትማር። ከፈንታ ጋር የተዋወቁት በጠብ ነው። አንድ ዓርብ ወደ ቤተሰቦቿ ልትሄድ ተሰልፋ ሳለ ፈንታ አንድ ቄስ ከፊቷ ሊያስገባ ሆነ። ቀጥ ያለ ሰውም ቢሆን ለቄስ ትንሽ ይታጠፋል።

«አይሆንም» አለች፤ «ተራው የኔ ነው።»

«ኧረ ቄስ ናቸው፣ ልጄ!»

«ይባርኩኝና እኔ ልግባ፤ ቀጥሎ እሳቸው።»

ቄሱ ባረኳት፤ ገባች። ፈንታ ግን የሚጮኸው ጠፋበት። ሰባት ዓመት ከአህያ ጋር ሲያለማምድ የከረመውን ነገር ይህች ልጅ ከእናቷ ሆድ ይዛው ወጥታለች። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮቱ በኩል እየሮጠ «ቅርጫት ኳስ ትወጃለሽ?» ብሎ ጠየቃት። ተሳፋሪው ሁሉ ዕብድ መሰለው።

አንድ ጉድለት ነበረባት፤ ሆደ ቡቡ ናት። ሐሙስ ሐሙስ መሪጌታን በክርክር ትረታለች፣ አሠልጣኝ ታባርራለች፣ የደንቡን አንቀጽ ታነበንባለች። ድንጋይ የተሸከመውን ልጅ ስታይ ግን ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ እጇ ሳታዝዘው ይሄዳል፣ ድንጋዩን ታነሣዋለች። «ከበደው እኮ ጋሼ!» ትላለች። ፈንታ ድንጋዩን አሳነሰው፤ አነሣችው። ጠጠር አደረገው፤ አነሣችው። በመጨረሻ ድንጋይ የመሰለ ቁራጭ ስፖንጅ አሸከመው፤ እሱንም አነሣችው።

ዘንድሮ በሚያዝያ ከባሕር ዳር ስልክ ተደወለ። ጌቱ የሚባል ገምጋሚ ይመጣል፤ የብርጓልን አንድ ጨዋታ ስትመራ አይቶ የዳኝነት ፈቃድ ይሰጣታል ወይም ይከለክላታል። ከፈንታ ተማሪዎች ግን በዘጠኝ ዓመት አንድም ስላላለፈ፣ እሷም ከወደቀች ከእንግዲህ ወደ ማርቆስ ገምጋሚ አይላክም። የመጨረሻው ዕድል ነው። ፈንታ ያን ሳምንት እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል። የደጀንን ተሳፋሪ ሉማሜ አሳፍሮ ላከ።

«ደርቤ» አለኝ፤ «ሽማግሌዎቹ መምጣታቸው አይቀርም፤ ድንጋዩን አንሥታ የተባረረውን ልጅ ካስገባችው እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ እዚያው ሜዳ ላይ ነኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ እኖራለሁ?»

እኔም አብሬው ፈራሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። የማርቆስ ታዳጊዎች ከደጀን ታዳጊዎች ጋር ይጫወታሉ። የብርጓል ዋና ዳኛ፣ የሺዋስ ረዳቷ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ፣ በቀኜ ፈንታ፣ በግራዬ ገምጋሚው ጌቱ። የማርቆሱ ረጅም ልጅ ቢተው የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል የልጅ ልጅ ነው። ደጀን 41 ለ 40 እየመራ፣ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው፣ ቢተው የደጀኑን ጌቾን በክርኑ ደረቱን አለው። የብርጓል ነፋች። አምስት ጣቷን ዘረጋች፤ አምስተኛው ነው። ቢተው ወጥቶ ተቀመጠ። ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሰላም የሆነ መሰለኝ።

ሽማግሌዎቹ ከአጥሩ ጥላ ሥር ተነሡ። ሰባቱም። ቢተውን ከተቀመጠበት አስነሥተው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ጫኑበት፤ የመለማመጃው አይደለም፣ የወፍጮ መጅ የሚያህል ነው። ሜዳው ውስጥ ገቡ።

«ኖር!» ብሎ ተመልካቹ ሁሉ ብድግ አለ። የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች ኳሱን መሬት አስቀምጠው እጅ ነሡ። ገምጋሚው ጌቱም ሳያስበው ብድግ ብሎ ወረቀቱን በተነ። «በእግዜር! ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ መሪጌታ። አሥሩም ተጫዋች ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። የሺዋስ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ክር የለውም።

«መምህር ደርቤ፣ ሰዓቱን አቁመኸዋል?» አሉኝ መሪጌታ።

አላቆምኩትም ነበር። አፍሬ ወደ አራት ደቂቃው መልሼ አቆምኩት።

መሪጌታ ወደ ደጀኑ ልጅ ዞሩ። «ልጄዋ ጌቾ፣ የመታህን ልጅ ይቅር ብለኸዋል?»

«ብየዋለሁ አባ። አላመመኝም እንዲያውም» አለና ጌቾ ሄዶ ድንጋዩ ሥር ጎንበስ ብሎ ቢተውን ሳመው። የደጀን አሠልጣኝም ቅሬታ የለንም ብሎ እጁን አነሣ።

መሪጌታ ነጠላቸውን አጣፉ። «እንግዲህ የብርጓል፣ ፋውል ማለት ደንቡ እንደሚለው ሰው በሰው ላይ የሚሠራው በደል ነው። የተበደለው ይቅር አለ። የተበዳዩ አለቃ ይቅር አለ። ሕዝቡ ይኸው ቆሞ ይማጠንሻል። በዚህ ሜዳ ላይ ይቅር ሳትይ የቀረሽ አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺን ደግሞ ማን መታሽ?»

ሰው ሁሉ «እውነት ነው!» አለ። እውነትም ይመስል ነበር፤ እኔ ራሴ መዝጋቢው አምስተኛዋን ፋውል ልሠርዝ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

የቢተው ጉልበት ተንቀጠቀጠ። የብርጓል ዓይን እንባ አቀረረ። እጇ ወደ ድንጋዩ ሄደ።

«እንዳታነሺው!» ፈንታ ጠረጴዛዬን ዘልሎ ሜዳ ገባ። «የብርጓል! በኔ ሞት እንዳታነሺው!»

ፊሽካ ነፋች። መዳፏን በጣቶቿ ላይ ጋድም አድርጋ አሳየችው። «ጋሼ፣ ቴክኒክ ፋውል ነው። ወደ ቦታዎ ይመለሱ።»

ፈንታ አልሰማም። ማንም እንዳያነሣው ብሎ ድንጋዩ ላይ በሁለት እጁ ተጫነ። ቢተው ከሥር «ኧረ አንገቴን!» አለ። ሽማግሌዎቹ ፈንታን ይጎትታሉ፣ ፈንታ ድንጋዩን ይጫናል፣ ጌቾ ቢተውን ይደግፋል። ሁለተኛ ፊሽካ ተነፋ።

«ጋሽ ፈንታ» አለች፤ «ሁለተኛው ነው፤ ሁለት ደግሞ ያስባርራል። ይቅርታ ያድርጉልኝና ከሜዳ ይውጡልኝ።»

ሽማግሌዎቹ እንኳ ለማን እንደሚያማልዱ ግራ ገባቸው። ፈንታ እኔን አየኝ፤ እኔ መዝገቤን አየሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሲያስወጣና ሲያስገባ የኖረ ሰው፣ ትከሻው ወርዶ በቆርቆሮው በር ወጣ። አንጀቴን በላው።

እሱ እንደ ወጣ የብርጓል ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከቢተው ላይ አነሣችው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። እልልታው ቀለጠ። እኔ አለቀልን አልኩ። ቢተው አንገቱን እያሸ እየሳቀ ወደ ሜዳው መሐል ሮጠ።

ፊሽካ።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ይቅር አላልሽኝም እንዴ?»

«ብየሃለሁ። ከልቤ። አሁን ሂድና ተቀመጥ፤ አምስተኛህ ነው።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «ምን ዓይነት ይቅርታ ነው?» አለ አንዱ። የብርጓል ድንጋዩን እንዳቀፈች ወደ መሪጌታ ዞረች።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሰው ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ ሲናገር ይፈታል አይደል?»

«ይፈታል።»

«ከተፈታ በኋላ ቀኖና አይሰጠውም? አይጾምም፣ አይሰግድም? ተፈታሁ ብሎ እምቢ ይላል?»

መሪጌታ ጺማቸውን ያዙ። ዘጠኝ ዓመት የደንቡን መጽሐፍ ሲያገላብጡ የኖሩትን ሰውዬ በገዛ ቤታቸው ገብታ ያዘቻቸው። ከዚያ የአማላጅነቱ ድምፅ ቀርቶ በመምህርነቱ ድምፅ «የልጁ ቀኖና ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አራት ደቂቃ።»

መሪጌታ የልጅ ልጃቸውን ጆሮ ያዙ። «አራት ደቂቃ! እኔ አርባ ቀን ስግደት ታዝዤ አላጉረመረምኩም! ተቀመጥ!» ወስደው አስቀመጡት፤ እንዳይነሣም አጠገቡ ተቀመጡ። ጨዋታው ቀጠለ፤ ደጀን 45 ለ 42 አሸነፈ።

ሲያልቅ የጨዋታውን ሪፖርት ለመሙላት ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። በዞናችን ደንብ ከሜዳ የተባረረ ሰው ቀጣዩን ጨዋታ ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ ማየት አይፈቀድለትም። ቀጣዩ ጨዋታ ደግሞ፣ ካለፈች፣ በፈቃድ የምትመራው የመጀመሪያ ጨዋታዋ ነው። ጌቱ የበተናቸውን ወረቀቶች ሲለቃቅም አየሁና ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«የብርጓል፣ የፈንታን ነገር ልተወው። ማን ያውቃል? ዘጠኝ ዓመት ለፍቶ የመጀመሪያ ጨዋታሽን ሳያይ ይቅር?»

አለቀሰች። በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች።

«ይጻፉት መምህር» አለችኝ። «ስሙን ከነአባቱ ይጻፉት።»

ጻፍኩት። ጌቱ ሪፖርቱን አነበበ፣ ያቺ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ሁለቴ አነበባት። «ሽማግሌዎቹ ሲገቡ እኔም ተነሥቼ እጅ ነሥቻለሁ» አለኝ፤ «ሥራ ላይ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።» ፈረመላት።

የማለፏም የመታገዱም ወሬ ለፈንታ መናኸሪያ ደረሰው። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው አዝነውለት መጡ። «ና፣ ድንጋይ ተሸከም፤ እኛ ይዘንህ እንሄዳለን፤ አንጀቷ አይችልም፣ ታነሣልሃለች» አሉት።

«ታነሣልኛለች፤ አውቃለሁ» አላቸው። «አንሥታም፣ ይቅር ብላም፣ ውጣ ትለኛለች። እኔ ሁለት ጊዜ አልባረርም።»

በተከታዩ ቅዳሜ ፈንታ አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ መጣና ከቆርቆሮው አጥር ውጪ ቆመ። ዘበኛው ሃያ ዓመት የሚያውቀው ጓደኛው ነው፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ፊቱን አዞረለት። ፈንታ በሩን ራሱ ዘጋው። እኔ በግማሽ ጨዋታ ዕረፍት በጎን ዞሬ በቆርቆሮው ቀዳዳ ተጣራሁ።

«ፈንታ! ልንገርህ?»

«አትንገረኝ! ቅጣት ላይ ነኝ።» ወደ ቀዳዳው ጠጋ አለ። «አንድ ነገር ብቻ። ፈርታለች?»

«አልፈራችም።»

በቀዳዳው አንድ ዓይኑ ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ እንባ ሞልቶታል።

«እኔን ካስወጣች ወዲያ ማንን ትፈራለች!» አለና የሉማሜን አውቶቡስ ሊያስነሣ ሄደ።